«ሚስቱ ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለሽ?»

በአገራችን ሁለት ሰዎች ባልና ሚስት ለመሆናቸው ማስረጃው ለብዙ ዘመን ወረቀት ሳይሆን ሰው ነበር። ሽማግሌ ይላካል፤ ቤተ ዘመድ ይመክራል፤ በእማኞች ፊት ቃል ይገባል። በቁርባን የተጋቡትን ቄሱና ምእመናኑ ያውቃቸዋል፤ በሰማንያ የተጋቡትን እማኞቹና ጎረቤቱ ያውቃቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመውን፣ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸመውንና በልማድ የሚፈጸመውን ጋብቻ ሦስቱንም ተቀብሎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ አጽንቷል። የምስክር ወረቀት ባይገኝ እንኳ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ፣ ቤተሰቡና ማኅበረሰቡም እንደዚያ የሚያውቃቸው ከሆነ ይህ በምስክር ሊረጋገጥ እንደሚችል ይደነግጋል። የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከተሜው በማዘጋጃ ቤት ቢመዘገብም፣ የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ትዳር ተጽፎ የኖረው በሰው ልብ ላይ ነበር።

የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ያንን ድንጋጌ ባነበብሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ትዳርን የሚያውቀው ጎረቤት ነው ይላልና። ጭስ ሲወጣ ያየ፣ ሲጣሉ የሰማ፣ ሊያስታርቅ የገባ፣ ልጅ ሲወለድ ገንፎ የቀመሰ ሰው ምስክር ይሁን ይላል።

ከዚህ ልማድ የወጣች ሴት በባዕድ አገር ኤምባሲ መስኮት ፊት ስትቆም ግን ጎረቤቷ አብሯት አይገባም። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ሰው ጭሱን አላየም፤ ገንፎውንም አልቀመሰም። እርሷ ደግሞ ከመስታወቱ ወዲህ አንድ አቃፊ ይዛ ቆማለች። ሚስትነቷን ራሷ፣ ብቻዋን፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ማስረዳት አለባት። ይህ ነገር ከየት መጣ? ሰው ለትዳሩ እንደ ተማሪ ለፈተና የሚዘጋጅበት ልማድ መቼ ተጀመረ? ጥያቄው ለዓመታት ሲከነክነኝ ቆይቶ ታሪኩን ተከትዬ ስሄድ ያገኘሁትን ነው ዛሬ ለአንባቢ የማካፍለው።

ከቀደምቶቹ ቦታዎች አንዱ ሆንግ ኮንግ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1875 የአሜሪካ ምክር ቤት፣ በካሊፎርኒያው እንደራሴ በሆራስ ፔጅ ስም የሚጠራውን ሕግ አወጣ። ሕጉ ከቻይና፣ ከጃፓንና ከሌሎችም የሩቅ ምሥራቅ አገሮች ለሴተኛ አዳሪነት የሚመጡ ሴቶች እንዳይገቡ ይከለክላል። ይህ ደግሞ ሴቲቱ ገና ከአገሯ ሳትነሣ በመነሻው ወደብ ባለው ቆንስል እንዲጣራ ያዝዛል። በጊዜው የሆንግ ኮንግ ቆንስል የነበረው ዴቪድ ቤይሊ ዝርዝር ሥርዓት ዘረጋ። ተጓዧ ለምን እንደምትሄድ ትጠየቃለች፤ ቃለ መሐላ ትሰጣለች፤ ጠባይዋ ደግሞ በከተማው ታላላቅ ቻይናውያን በሚመራው በቱንግ ዋ ሆስፒታል በኩል ይጠናል። ፎቶግራፏ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይላካል፤ ከመርከብ ስትወርድም ፊቷ ከፎቶግራፉ ጋር ይመሳከራል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እወዳለሁ። ሕጉ ስለ ሚስቶች አንድም ቃል አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ነው። በሥራ ላይ ሲውል ግን ወደ ባሏ የምትሄደዋ ሴት ሁሉ አስቀድማ «አይደለሁም» ማለት ነበረባት። ሚስት መሆኗን ከማስረዳቷ በፊት ሌላ አለመሆኗን ታስረዳለች። ብዙዎቹ ይህን ከመጋፈጥ በአገራቸው መቅረትን መረጡ።

እ.ኤ.አ. በ1882 የቻይና ሠራተኞችን የሚያግደው ሕግ ተከተለ። የሠራተኛ ሚስት እንደ ባሏ ታገደች፤ የነጋዴ ሚስት ግን መግባት ትችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የነጋዴ ሚስት በባሏ መብት እንደምትገባ፣ የራሷ የተለየ የምስክር ወረቀት እንደማያስፈልጋት ወሰነ። እንግዲህ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ፤ በእርግጥ ሚስቱ ናት ወይ?

ይህ ጥያቄ ከምንም በላይ የተጠየቀበት ስፍራ በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ውስጥ ያለችው ኤንጅል አይላንድ ናት፤ «የመልአክ ደሴት» ማለት ነው። የመግቢያ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1910 ተከፍቶ እስከ 1940 አገልግሏል። መጪው ሰው በሁለት መርማሪዎች፣ በአንድ ጸሐፊና በአንድ አስተርጓሚ ፊት ይቀርባል። አስተርጓሚው ከተጠያቂው ጋር እንዳይመሳጠር በየችሎቱ ይቀያየራል። ጥያቄዎቹ ስለ ታላላቅ ነገሮች አልነበሩም። በመንደርሽ ከቤታችሁ ሦስተኛው ቤት የማን ነው? የቤታችሁ ደረጃ ስንት እርከን አለው? የሩዝ ማስቀመጫው በየትኛው ጥግ ነው? ጉድጓድ ውኃው ከበሩ በስተቀኝ ነው በስተግራ? ባልም በሌላ ክፍል ይህንኑ ይጠየቃል። መልሱ ካልተገጣጠመ ሰውዬው ወይም ሴቲቱ በደሴቷ ትቆያለች፤ ከዚያም ልትመለስ ትችላለች።

መርማሪዎቹ ጥርጣሬያቸው መሠረት የለሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1906 የደረሰው የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የልደት መዛግብትን ስላጠፋ፣ ብዙ ቻይናውያን አሜሪካ የተወለዱ ነን ብለው ተመዘገቡ፤ በስማቸውም ያልወለዷቸው ልጆች ይገቡ ጀመር። እነዚህም «የወረቀት ልጆች» ተባሉ። ከዚህም አንድ ልዩ የጽሑፍ ዓይነት ተወለደ፤ እርሱም የማስጠኛ ደብተር ነው። የቤተሰብ ሐረግ፣ የመንደር ንድፍ፣ የጎረቤት ስም፣ ሊመጣ የሚችል ጥያቄና መልሱ በሙሉ የተጻፈበት ነበር። በመርከብ ላይ ይጠናል፤ ወደቡ ሲቃረብ ባሕር ውስጥ ይጣላል። አንዳንድ ጊዜ የተረሳ ነገር ሲኖር ማስታወሻው በደሴቷ ወጥ ቤት ሠራተኞች በኩል ተደብቆ ይገባ ነበር።

የታሪኩ ፍሬ ለእኔ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደብተሩን ያጠኑት ሐሰተኞቹ ብቻ አልነበሩም፤ እውነተኛዋ ሚስትም ታጠናለች። ምክንያቱም ወጣ ገባ ስትልበት የኖረችውን የገዛ ቤቷን ደረጃ ቆጥራው አታውቅም። ባሏም ከአሥር ዓመት በፊት የወጣበትን ቤት እንደ ድሮው ያስታውሰዋል፤ እርሷ ግን የሩዙን ጋን ከዚያ ወዲህ ሌላ ጥግ አዛውራው ይሆናል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ እውነቶቻቸው ግን አይገጥሙም። ጠንቅቆ ያጠና ሐሰተኛ ሲያልፍ፣ ያላጠናች እውነተኛ ትያዛለች። እንዲህ ያለው ፈተና ትዳርን ሳይሆን ትውስታን ይመዝናል።

ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህችን ደሴት የሚያውቋት በሌላ ምክንያት ነው። በእስር ቤቱ የቆዩት ወንዶች በእንጨት ግድግዳው ላይ ግጥም ይቀርጹ ነበር። ሠራተኞቹ ቀለም ቀቡበት፤ የተቀረጸው ግን ከቀለሙ ሥር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1970 ቤቱ ሊፈርስ በተቃረበበት ጊዜ አሌክሳንደር ዋይስ የተባለ የፓርኩ ጠባቂ ጽሑፎቹን አይቶ ለሰው አሳወቀ፤ ቤቱም ተረፈ። እስከ ዛሬ ከ200 በላይ ግጥሞች ተመዝግበዋል። ሴቶቹ ግን ያደሩት በሌላ ቤት፣ በአስተዳደሩ ሕንፃ ውስጥ ነበር። እነርሱም ግድግዳ ላይ ይጽፉ እንደነበር ይነገራል። ያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1940 በእሳት ጋየ። ስለዚህ የባሎችና የልጆች ግጥም እጃችን ላይ አለ፤ የሚስቶቹ የለም። ከሚስቶቹ የቀረልን መርማሪው ጠይቆ ጸሐፊው የመዘገበው መልሳቸው ነው።

በዚያው ዘመን ከጃፓን የሚመጡ ሌሎች ሙሽሮችም ነበሩ። ባል አሜሪካ ሆኖ ሚስት በአገሯ ትታጫለች፤ ፎቶግራፍ ይለዋወጣሉ፤ ስሟ በባሏ ቤተሰብ መዝገብ ላይ ሲሰፍር በጃፓን ሕግ ሚስት ሆነች ማለት ነው። «የፎቶግራፍ ሙሽሮች» ይሏቸዋል። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ይህን እንደ ጋብቻ ስላልቆጠሩት፣ እስከ 1917 ድረስ ባልና ሚስቱ ወደብ ላይ እንደገና እንዲጋቡ ይደረግ ነበር፤ አንዳንዴም ብዙ ጥንዶች በአንድ ላይ። በአገሯ ወግ ያገባች ሴት በማታውቀው ቋንቋ ሁለተኛ ትዳራለች። ባሏን ከፎቶግራፉ ለይታ ያወቀችው በዚያች ሰዓት ነው፤ ፎቶግራፉም የወጣትነቱ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1920 የጃፓን መንግሥት ለእነዚህ ሙሽሮች ፓስፖርት መስጠት አቆመ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ለጊዜው ላላ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1945 የወጣው ሕግ የወታደር ሚስቶች ያለ ኮታ እንዲገቡ ፈቀደ። በዚህ ሕግ ተስፋ አድርገው ከመጡት አንዷ ኤለን ክናውፍ ናት። በጀርመን የተወለደችው ይህች ሴት በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ ሠርታለች፤ በ1948 አንድ የቀድሞ አሜሪካዊ ወታደር አገባች። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ስትደርስ ለአገር ደኅንነት ታሰጋለች ተብላ በኤሊስ ደሴት ታገደች። ማስረጃው ምን እንደሆነ አልተነገራትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1950 ዓ.እ. ለመንግሥት ፈረደ፤ ሕዝቡና ጋዜጦች ስለጮኹ በ1951 መጨረሻ ገባች። የደረሰባትን ራሷ ጽፋ በ1952 በመጽሐፍ አሳትማለች። በእርሷ ጉዳይ ትዳሩን የተጠራጠረ አልነበረም። ትዳር እውነት መሆኑ ብቻውን በር እንደማይከፍት ግን ከእርሷ ታሪክ እንማራለን።

ከዚያ በኋላ ጥርጣሬው በሌላ መልክ ተመለሰ። በእንግሊዝ አገር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1997 የሠራ አንድ ደንብ ነበር። በዚህ ደንብ አመልካቹ ያገባው በዋናነት እንግሊዝ አገር ለመግባት ብሎ እንዳልሆነ ማስረዳት ነበረበት። ትዳሩ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ዓላማው ካላሳመነ ይከለከላል። ሰው ያገባበትን ምክንያት፣ ያውም ያልሆነውን ምክንያት፣ በምን ያስረዳል? በአሜሪካም በ1985 የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት በጋብቻ ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች 30 በመቶው ሐሰተኛ ናቸው ብለው ለምክር ቤት አስረዱ። በ1986 ሕጉ ጠበቀ፤ ትዳራቸው ሁለት ዓመት ላልሞላው የሚሰጠው ፈቃድ በቅድመ ሁኔታ ሆነ። ያ ቁጥር የተገኘበት ጥናት አስተማማኝ እንዳልነበረ በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ታወቀ። ሕጉ ግን ጸና።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በ2011 ዓ.ም. የእኅቴ ልጅ አሜሪካ ወዳለው ባሏ ለመሄድ የቃለ መጠይቅ ቀን ተቆርጦላት ነበር። «ጋሼ፣ እስቲ እንደነሱ ሆነህ ጠይቀኝ» ብላኝ ሦስት ምሽት ተቀመጥን። ከአንድ ፎርም የሚሞላ ቤት ያገኘችው፣ በፎቶ ኮፒ ብዛት የደበዘዘ የጥያቄ ዝርዝር ይዛለች። ባልሽ በየትኛው ጎኑ ይተኛል? ምን ዓይነት ምግብ አይወድም? የአማችሽ የትውልድ ስፍራ የት ነው? የመልሱ ዕለት ምን ለብሰሽ ነበር? ያን ጊዜ ስለ ደሴቷ ገና አላነበብሁም ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ያ የደበዘዘ ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ባሕር ላይ የተጣለው ደብተር ዘመድ ነው።

እኛን ያስቸገረን ከሁሉ በፊት የዘመን አቆጣጠራችን ነበር። የሠርጓን ቀን ከእንቅልፏ ብትቀሰቀስ ትናገረዋለች፤ ጥር 13 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። በማመልከቻው ላይ ያለው ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 2017 ነው። የገዛ ሠርጓን ቀን እንደ አዲስ አጠናች። ሙሽራው የመጣው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፤ ይህም በእነርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ደግሞም የእኛ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። በወረቀት ላይ ላየው ሰው እርሷና ባሏ በስም የማይገናኙ ሁለት ባይተዋሮች ናቸው።

በሁለተኛው ምሽት ባልየው በስልክ ገባ። ሠርጉ ላይ ስንት ሰው ነበር አልሁ። እርሱ ሦስት መቶ አለ፤ እርሷ አራት መቶ አለች። ተከራከሩ፤ ድምፃቸውም ከፍ አለ። እርሷ ደብተሯን ይዛ «አንዱን እንያዝ፣ አለበለዚያ እንጠፋለን» ትላለች። ይህን ጊዜ ቡና ታፈላ የነበረችው እኅቴ ቀና ብላ «የተጠራው ሦስት መቶ ነው፣ የመጣው አራት መቶ ነው፤ ምን ያጣላችኋል?» አለች። እርሱ የጥሪ ወረቀቱን ያሳተመ ሰው ነው፤ እርሷ ምግቡ እንዳያልቅ ስትጨነቅ የነበረች ሰው ናት። ከዚህ የተሻለ የትዳር ማስረጃ አላውቅም፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ግን የማይገጣጠም መልስ ይባላል።

ልጅቷ ሄደች፤ ካጠናችው አንዱንም ሳትጠየቅ በጥቂት ጥያቄ ተሸኘች፤ ቪዛውንም አገኘች። ከመሄዷ በፊት የነገረችኝ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። «ጋሼ፣ እርሱን ሳስበው እኮ አሁን የሚመጣልኝ እንደ ጥያቄና መልስ ሆኗል» አለችኝ። ደግነቱ ይህ ስሜት ሲያትል ከገባች በኋላ በጥቂት ወር ጠፍቶላታል።

ይህን ስል ጠያቂው አይጠይቅ ማለቴ አይደለም። የውሸት ትዳር አለ፤ በዚህ የሚነግድ ደላላ አለ፤ ወድዳ ያገባች መስሏት ከበሩ ወዲያ የተተወች፣ የተታለለችም አለች። መንግሥት በሩን ማን እንደሚያልፍ ማወቅ ይፈልጋል። እኔ የምለው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ይህ የምርመራ ዘዴ በአንድ የተሳሳተ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ይኸውም ትዳር ማለት በሁለት ጭንቅላት ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ዕውቀት ነው የሚል ነው። ሁለት ሰዎች ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጡት አብረው ስለኖሩ ሳይሆን አብረው ስላጠኑ ሊሆን ይችላል። የኖሩትማ አንዱ የጠራውን ይቆጥራል፤ ሌላው የበላውን።

ደግሞም ከመስኮቱ ወዲህ ያለው ሰው አቤት የሚልበት ደጅ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኤል ሳልቫዶራዊ ባሏ ቪዛ በተከለከለባት አንዲት አሜሪካዊት ጠበቃ ጉዳይ ላይ ወስኗል። አንድ ዜጋ የውጭ አገር ሰው የሆነ የትዳር ጓደኛው ወደ አገሩ እንዲገባለት የሚያስገድድ መሠረታዊ ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም አለ። በውሳኔውም የኤለን ክናውፍን አሮጌ ጉዳይ አንሥቶ ተወያይቶበታል። አምስት ልጅ የወለዱ ቢሆኑ፣ ሃያ ዓመት የተጋቡ ቢሆኑ በዚህ ረገድ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ለሚዘጋጁት የምለው ጥቂት ነው። ቀኑን ወደ እነርሱ አቆጣጠር መልሱ፤ ወረቀቱን አሟሉ፤ ደብዳቤውንና ፎቶግራፉን በየቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጡ። ይህ ለማያውቃችሁ ሰው ራስን ማስተዋወቅ ነውና ነውር የለበትም። መልስ ለማስማማት ግን አትቀመጡ። ያላስታወሳችሁትን «አላስታውስም» በሉ። አስተርጓሚው «ስድስት ሰዓት» ብሎ ሲያልፍ የቀን መሆኑን አስረዱ። ደላላው የሸጠላችሁን ታሪክ ግን በሩ ላይ ሳትደርሱ ጣሉት።

ለጸሐፍት ወዳጆቼ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለኝ። በአዲስ አበባ፣ በካርቱም፣ በናይሮቢ ቤቶች ውስጥ ስንት አቃፊ ተቀምጧል! በውስጡ የመልስ ፎቶግራፍ አለ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር አለ፣ «ለማስረጃ» ተብሎ የታተመ የፍቅር መልእክት አለ። ቪዛው ሲገኝ አቃፊው ይጣላል፤ ሳይገኝ ሲቀርም በንዴት ይቀደዳል። ሚስቶቹ በእነዚያ የጥበቃ ወራት ምን እንዳሰቡ በራሳቸው ቃል የጻፈው ጥቂት ነው። እናቶቻችንን፣ እኅቶቻችንን፣ ልጆቻችንን ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው። ጠያቂው ከመስታወት ወዲያ የሌለበት ጥያቄ ይሁን፤ መልሳቸው ከማንም መልስ ጋር መግጠም የለበትም። የደሴቷ ሴቶች የጻፉት አመድ ሆኖ ቀርቷል። የእነዚህን ግን ለመጻፍ ጊዜው ገና አላለፈም።

ቸር ይግጠመን።